የጠብታ መስመር

ሰባቱም የሞቱት እንደቆሙ ነው።

መርማሪው ጠዋት ወደ ግቢው ሲገባ ጥዶቹ በአራቱ ሕንፃዎች መካከል በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ጠበቁት። ከሩቅ ዝገት የበላቸው ምሰሶዎች ይመስላሉ። ቀረብ ሲል ሌላ ነገር አየ። የቅርንጫፎቹ ጫፍ ሁሉ እርጥብ ጨርቅ ሲጨመቅ እንደሚዞረው ዞሮ ወደ መሬት ተቆልምሟል። ቅጠሉን ነካ ሲያደርገው ረገፈ። ግንዱ ላይ ግን የመጥረቢያ ጭረት እንኳ የለም። ከሥራቸው ያለው ሣር ደግሞ ጉድ ነው፤ እኩል፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንድ አረም የሌለበት፣ ትናንት ከሱቅ ወጥቶ የተነጠፈ ምንጣፍ።

«ሬሳዎቹን አዩአቸው?» አለች ከኋላው አንዲት ሴት።

ዞረ። ስልሳ አምስትን የተሻገረች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቀጭን ሴት ናት። ብብቷ ሥር የካርቶን ፋይል ይዛለች።

«ከሳሿ እርስዎ ነዎት?»

«ተርጓሚ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ያቺ መስኮት። ከሳሽ የሆንኩት ከትናንት ወዲያ ነው።»

ፋይሉን ተቀበላት። ሦስት ገጽ ነው፤ የፊደል ግድፈት አይገኝበትም። ተከሳሹ የግቢው አትክልተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ሣሩን ጥርስ ባለው ሬክ ሲያበጥር ስለሚውል ነዋሪው «ማበጠሪያ» ይለዋል። ከሁለት ወር በፊት፣ ሐሙስ ቀን፣ ዛፎቹ ሥር የተዘረጋውን የውሃ ቧንቧ ጠቅልሎ ወሰደ። ዓርብ ጠዋት ፊቱን ሸፍኖ ሣሩን ረጨ። ዓርብ ከሰዓት አካፋ ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ፤ የሆነ ነገር ቀብሮ ተመለሰ። ከዚያ ዛፎቹ መጠማዘዝ ጀመሩ።

«መጀመሪያ ውሃ ነፈጋቸው» አለች። «ከዚያ መረዛቸው። ከዚያ ማስረጃውን ቀበረ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ? ሲስቅ ፎቶ ላንሳልዎት?»

«ምክንያቱስ?»

«ጥድ ቅጠል ያራግፋል። ቅጠሉ ሣሩን ያበላሽበታል። ሰውዬው ሣር አምላኪ ነው።»

መርማሪው የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። ከፊርማው በላይ አንዲት ቃል ለብቻዋ ቆማለች፦ አደራ።

«ክስ ላይ እንዲህ ተጽፎ አይቼ አላውቅም።»

«እኔ የምጽፈው ሁሉ ላይ አለ። አርባ ዓመት የማቀዝቀዣና የሳል ሽሮፕ መመሪያ ስተረጉም ኖሬአለሁ። ፋብሪካው ‹ይጠንቀቁ› ይላል። ይጠንቀቁ ተብሎ የተጠነቀቀ ሰው ያውቃሉ? አደራ ያሉት ሰው ግን ይጨነቃል።»

«ቧንቧውን ሲጠቀልል ሲያዩ ምን አሉት?»

«ማንን?»

«አትክልተኛውን።»

«ምንም። ከመስኮት ነው ያየሁት።»

«ስንት ዓመት ነው እዚህ የሠራው?»

«ዘጠኝ። እንደምን አደርክ እለዋለሁ።» መነጽሯን በጣቷ አሻሸች። «ይኸውልዎ ኢንስፔክተር፣ ልጅ የለኝም። ሥራዬ በኮምፒውተር ይመጣል፣ በኮምፒውተር ይሄዳል። ሳምንት ሙሉ ድምፄን ሳልሰማው የምውልበት ጊዜ አለ። ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ የሚቆዩኝ እነዚህ ነበሩ። ሌላ ጎረቤት የለኝም።»

መርማሪው ዓይኑን ወደ ረድፉ ጫፍ ሰደደ። ከኮንክሪቱ መተላለፊያ ማዶ፣ ሣር በሌለበት ጠጠር ላይ፣ ስምንተኛ ጥድ ቆሟል። አረንጓዴ ነው፤ አንድ ቅርንጫፉ እንኳ አልተጠማዘዘም።

ማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ ለምን እንደሆነ ግን ገና አልገባውም።

* * *

«ነፍሰ ገዳዩ ክፍል ሁለት ነው» አለችው ሳጅኗ ጣቢያ ሲደርስ። «ሟቾቹ ቁመታቸው ስንት ነበር ልበል?»

«አፍሽን ዝጊ።»

«ኧረ ኢንስፔክተር፣ ቢያንስ አንድ ቀን ይሳቁ። ይሄንን ሰው ነገ ጠዋት ለዓቃቤ ሕግ ማስተላለፍ አለብን። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢም ሦስት ጊዜ ደውሏል። በግቢው በር አጠገብ ያለችውን የሰውዬውን ክፍል እስከ ዓርብ ባዶ ማድረግ ይፈልጋል። መጋዘን ሊያደርጋት ነው። ‹ወንጀለኛ ነው ብላችሁ በወረቀት ስጡኝ› ይላል።»

መርማሪው ደሙ ፈላ። ሰው ለማሰር ሦስት ገጽ ይበቃል። ዘጠኝ ዓመት የኖረበትን ክፍል ለመቀማት አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃል። ሰውዬውን ቁጭ አድርጎ ለመጠየቅ ግን ከኮሚቴው እስከ ተረኛው ፖሊስ ጊዜ ያገኘ የለም።

አትክልተኛው አርባዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ፣ እጁ ከፊቱ ይልቅ ያረጀ ሰው ነው። ቀበቶው ስለተወሰደበት ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ተነሣ።

«ተቀመጥ። ረጭተሃል?»

«ረጭቻለሁ ጌታዬ። የአረም መድኃኒት ነው፤ ኮሚቴው ነው ያመጣው። ግቢው ምንጣፍ መምሰል አለበት ተባለ።»

«ቧንቧውን ለምን ጠቀለልክ?»

«እንደታዘዝኩት ነው።»

«የቀበርከውስ ምንድነው?»

«ዕቃውን።»

«የት?»

አትክልተኛው አቀረቀረ። «እሱን አልናገርም።»

«ለምን?»

«ማንም እንዳያወጣው ተብሏል። መርዝ ነው፤ ሰው ይነካል። እኔ አደራ በላ አይደለሁም ጌታዬ።»

መርማሪው ወንበሩን ሳበ። «ማነው ያለህ?»

«በወረቀት ነው። በወረቀት የታዘዝኩትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ሠርቻለሁ። ይህንኑ ለያዙኝ ሰዎች ነግሬአቸዋለሁ። ሳቁብኝ።» ሱሪውን አጥብቆ ያዘ። «ሰባቱንም በባልዲ ውሃ አጠጥቼ ነው ያቆየኋቸው፤ ቧንቧው የመጣው በስድስተኛው ዓመት ነው። ማን ልጁን ይገድላል?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በወረቀት! መርማሪው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይህችን ቃል አላመጣት። አንድ ሰው ደብዳቤ ጽፎ አዞታል ማለት ነው። የውሃ ቧንቧ እንዲያነሣ፣ እንዲረጭ፣ እንዲቀብር፣ እንዲደብቅ። ታዲያ ጥዶቹ እንዲጠፉ ይህን ያህል የሚፈልግ ማነው?

ለኮሚቴው ሰብሳቢ ደወለ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ፋይላቸው ውስጥ ጥዶቹ እንዲቆረጡ የሚጠይቁ ሦስት ደብዳቤዎች አሉ። ሦስቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ ምድር ቤት ክሊኒክ ያለው የጥርስ ሐኪም።

* * *

ሐኪሙ በሽተኛ አልነበረውም። የሕክምና ወንበሩ ላይ ራሱ ተጋድሞ ጋዜጣ ያነብባል።

«ዶክተር፣ መሰርሰሪያ አለዎት?»

«የጥርስ ሐኪም ነኝ ወዳጄ። መሰርሰሪያ ከሌለኝ ምን ይኖረኛል?»

«ግንድ የሚበሳ? ዛፍ መርዘው የሚገድሉ ሰዎች ግንዱን በስተው ነው የሚያፈሱበት።»

ሐኪሙ ጋዜጣውን አጠፈና ሳቀ። «ሦስት ደብዳቤ ጽፌ፣ በሦስቱም ላይ ማኅተሜን መትቼ፣ ከዚያ ተደብቄ የምመርዝ ይመስልዎታል? እንዲህ ያለ ደደብ ብሆን ማን አፉን ይከፍትልኝ ነበር?»

«ሌላ ደብዳቤስ? ለአትክልተኛው?»

«ለማበጠሪያ? በየቀኑ በመስኮቴ ሥር ያልፋል። ከፈለግኩ አንኳኩቼ አልነግረውም? ደግሞ ዛፎቹን ጠልቼ አይደለም፤ ክፍሌ ጨልሞብኝ ነው። እኩለ ቀን ላይ መብራት አብርቼ ነው ጥርስ የምነቅለው።»

«ከሁለት ወር በፊት፣ በረጨበት ሳምንት የት ነበሩ?»

ሐኪሙ ከወንበሩ በጥንቃቄ፣ ወገቡን ደግፎ ወረደ። ከመሳቢያው የሆስፒታል ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። የጀርባ አጥንት ቀዶ ሕክምና፤ ከሰኞ እስከ ሰኞ ተኝቷል፤ ፊርማና ማኅተም አለው። ያ በር ተዘጋ።

መርማሪው ሊወጣ ሲል ሐኪሙ መስኮቱን አሳየው። ብርሃኑ ክፍሉን ሞልቶታል።

«የጠየቅኩት ይሄንን ነበር» አለ። «አሁን ምን ልበልዎት? ሦስተኛ ፎቅ ያለችውን ሴትዮ አይተዋታል? ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስለ ዛፎቹ ትሰድበኝ ነበር። ‹አንተ የእንጨት ጠላት› ትለኛለች፤ እኔም እመልስላታለሁ፤ አምስት ደቂቃ እንቆማለን። አሁን አንገቷን አዙራ ታልፋለች። እዚህ ሕንፃ ላይ የምታናግረኝ እሷ ብቻ ነበረች ልበልዎት?»

መርማሪው ራሱ ትናንት ከጣቢያ ወጥቶ እስኪመለስ ያናገረው ሰው ቢኖር ሬዲዮ ውስጥ ያለው ዜና አንባቢ ነው። ያም መልስ አይሰጥም።

* * *

መርማሪው ያስጠራት የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ ከምርምር ማዕከል የመጣችው ከሰዓት ነው። ቦት ጫማ ያደረገች፣ ቁጡ ሴት ናት። ግንዶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። የተጠማዘዘውን ጫፍ ሰብራ በአጉሊ መነጽር አየችው። ከዚያ ተንበርክካ ሣሩን በጣቷ ፈለፈለች።

«ቀዳዳ አይፈልጉ» አለች። «ገዳዩን ረግጠውት ቆመዋል።»

መርማሪው እግሩን አነሣ።

«እንዲህ ያለ ሣር አይተው ያውቃሉ? መጭ የለ፣ አሜከላ የለ፣ ምን የለ። ሰፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ነቅሎ ሣር ብቻ የሚተው መድኃኒት ተረጭቶበታል። ሣሩን የማይነካው ሣር ስለሆነ ነው። ዛፍ ግን፣ ቅጠሉ እንደ ጥድ ቀጭን ቢሆንም እንኳ፣ ለዚህ መድኃኒት ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ትልቅ አረም ነው።»

«ግን ዛፉ ላይ አልተረጨም።»

«ሥሩ ላይ ተረጭቷል። የዛፍ ሥር ከቅርንጫፉ ጫፍ አልፎ ይሄዳል ወንድሜ። ሰውዬው ሣር ላይ የረጨ መስሎታል፤ የረጨው ዛፉ አፍ ውስጥ ነው።» በአገጯ ወደ ስምንተኛው ጠቆመች። «ያ ከኮንክሪቱ ማዶ ስለሆነ ተረፈ። እዚያ ሣር የለም፣ ስለዚህ መድኃኒትም የለም።»

«ሆን ተብሎ ነው?»

«እኔ የሰው በሽታ አላውቅም። ግን ዕቃው ላይ ዛፍ ሥር አትርጩ ተብሎ ይጻፋል። ሁልጊዜ ይጻፋል። ወይ ክፉ ነው፣ ወይ አላነበበም።»

መርማሪው ወደ ጣቢያው የተመለሰው እየተናደደ ነው። በመጀመሪያ በአትክልተኛው ተናደደ። መንገድ ላይ ግን ንዴቱ ዞረ። ሣር ከዛፍ በልጦበት ግቢ ምንጣፍ ይምሰል ያለ ኮሚቴ፣ የመርዝ ዕቃ ለአንድ ሰው አስታቅፎ ሄዶ የሚተኛ ኮሚቴ፣ ዛሬ ክስ ያፋጥናል!

ክፍል ሁለት ገብቶ ሳይቀመጥ ጠየቀ። «ማንበብ ትችላለህ?»

አትክልተኛው በጥፊ የተመታ መሰለ። «ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ።»

«ታዲያ ዕቃው ላይ ያለውን ለምን አላነበብክም?»

«ምን ማለትዎ ነው? ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ወረቀቱን ነው የምልዎት እኮ!»

መርማሪው ተቀመጠ። «የቱን ወረቀት?»

«ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ነዋ! ሌላ ምን ወረቀት አለ? ማን ደብዳቤ ይጽፍልኛል?»

ኮሪደሩ ላይ ሳጅኗ በስልክ ስታወራ ይሰማል።

«የት እንደቀበርከው ንገረኝ» አለ መርማሪው በዝግታ። «የምታወጣው ባለሙያ ናት። ጓንት አላት። ማንም አይነካም። አደራህን እኔ ልቀበልህ።»

አትክልተኛው የመርማሪውን እጅ ጨበጠ። ከዚያ ነገረው።

* * *

ዕቃው የወጣው ከጓሮ ግንቡ ጀርባ፣ ክንድ ተኩል ከሚሆን ጥልቀት ነው። ነጭ የፕላስቲክ ጀሪካን ነው። ታጥቧል፤ በምስማር አራት ቦታ ተበስቷል፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል። ማስረጃ የሚያጠፋ ሰው እንዲህ አይጠቀልልም። እንዲህ የሚጠቀለለው አደራ ነው።

ባለሙያዋ በጓንቷ አፈሩን ጠረገች። ጽሑፉ ጉንዳን የሚያክል ነው፤ መርማሪው መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ።

«‹በሣር መካከል የሚበቅሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ያጠፋል። ሣሩን አይጎዳም። ከዛፎች የጠብታ መስመር በታች አይርጩ…›»

«ምን? ይድገሙልኝ።»

«‹ከዛፎች የጠብታ መስመር በታች አይርጩ።›»

ባለሙያዋ በጓንቷ ግንባሯን ልትይዝ ስትል ተወችው። «አምላኬ! ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ከዛፉ ጫፍ እየተንጠባጠበ በዙሪያው ክብ ይሠራል አይደል? ከዚያ ክብ ወደ ውስጥ አትርጩ ማለት ነው፤ አብዛኛው ሥሩ እዚያ ስላለ። በፈረንጅኛው የጠብታ መስመር ይባላል። ቃል በቃል ነው የተገለበጠው። በእኛ አፍ ግን…»

«በእኛ አፍ የጠብታ መስመር ውሃ የሚያንጠባጥበው የመስኖ ቧንቧ ነው» አለ መርማሪው።

ሁለቱም ወደ ሞቱት ዛፎች ተመለከቱ። ሰውዬው ሦስት ጊዜ አንብቧል። ከጠብታ መስመር በታች አትርጭ ተብሏል። ሐሙስ ቀን በእንብርክኩ ሄዶ መስመሩን ከሰባቱም ሥር አነሣ፣ ጠቀለለ፣ ክፍሉ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ መስመር የለም፤ ዓርብ ረጨ። ክሱ ላይ የተቆጠረበት ወንጀል ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ መታዘዝ ነበር።

መርማሪው የቀረውን አነበበ። «‹ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው፣ በስተው ይቅበሩት። ማንም እንዳያወጣው።›» የመጨረሻዋ ቃል ለብቻዋ ቆማለች። ጠዋት ክሱ ላይ ያያት ናት፤ መርማሪው ጮክ ብሎ አላነበባትም።

«ምን ይላል?» አለች ባለሙያዋ።

መነጽሩን አወለቀ። «በቃ። አልቋል።»

* * *

ሦስተኛ ፎቅ ያለው ክፍል መጽሐፍ ሞልቶታል። መዝገበ ቃላት ወንበር ላይ፣ መዝገበ ቃላት ማቀዝቀዣው ላይ። አንድ ሰሃን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ መደርደሪያው ላይ ተደፍተዋል። ጠረጴዛዋ ከመስኮቱ ጋር ተገጥሟል።

ባይነግራትስ? የባለሙያዋ ደብዳቤ አትክልተኛውን ለማስፈታት ይበቃል። ደረጃውን ሲወጣ ይህንኑ ሲያወጣና ሲያወርድ ነበር። ነገር ግን የታሰረው ሰው ሦስት ጊዜ አንብቧል፤ የጻፈችው አንድ ጊዜ ልትሰማው አይገባም?

«አመነ?» አለች።

«እትዬ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ሰውዬው ዕቃው ላይ የተጻፈውን ነው የፈጸመው። ላንብብልዎት?» ከማስታወሻው ጀመረ። «‹በሣር መካከል የሚበቅሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ያጠፋል። ሣሩን አይጎዳም…›»

እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ ቀጠለችለት።

«ከዛፎች የጠብታ መስመር በታች አይርጩ።»

መርማሪው ማስታወሻውን አጠፈ።

«አምና በክረምት ነው» አለች። «አስመጪው ማክሰኞ ልኮልኝ ለረቡዕ ፈለገው። ያቺ ቃል አስቸግራኝ ነበር። አራት መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። የምደውልለት ሰው አሰብኩ፤ የለኝም። ዝናብ ይዘንብ ነበር።» ጣቷን መስታወቱ ላይ አደረገች። «እዚህ ቁጭ ብዬ ነው። ከፊቴ ነበሩ፤ ከቅርንጫፋቸው ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። ትርጉሙ ከመስኮቴ ውጭ መሬት ላይ እየተጻፈ፣ እኔ መዝገበ ቃላት አገላብጥ ነበር።»

አላለቀሰችም። ሹራቧን ከወንበሩ አነሣች።

«ይውሰዱኝ» አለች።

* * *

አትክልተኛው ከተረኛው ፖሊስ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ቀበቶውን እያጠለቀ ነው። መርማሪው በስልክ ከኮሚቴው ሰብሳቢ ጋር ይነጋገራል፤ ንግግሩ ግን የአንድ ወገን ነው።

«…አዎ፣ መድኃኒቱን ገዝቶ ያመጣው ማነው? እርስዎ! እንግዲያው የእርስዎን ቃል ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እቀበላለሁ። እስከዚያ የሰውዬው ክፍል በር ላይ ቁልፍ ተሰቅሎ ባገኝ፣ የሚከሰስ ሰው አላጣም።» ዘጋው። ሳጅኗ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም።

ተርጓሚዋ በሩ ላይ ቆማለች።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

«ክሱን? አውቃለሁ እትዬ።» አትክልተኛው ቀና አላለም።

«ክሱን አይደለም። ወረቀቱን። ዕቃው ላይ ያለውን።»

እጁ ቀበቶው ላይ ቆመ። «አደራ የሚለውን?»

«አደራ የሚለውንም።»

ሳጅኗ ወንበር አመጣች፤ ማንም አልተቀመጠም። ተርጓሚዋ የራሷን ክስ ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ገለበጠችው፤ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች።

«ልጠይቅህ። ዝናብ ሲዘንብ ከዛፍ ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ አለ አይደል? እሱ የሚያርፍበት ቦታ ምን ይባላል?»

አትክልተኛው ጥያቄው ተንኮል ይኖረው እንደሆነ ፊቷን መረመረ። ከዚያ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው መለሰ።

«ጠፈጠፍ ነዋ። የዛፉ ጠፈጠፍ። ከጣሪያም ይሁን ከዛፍ፣ ያው ጠፈጠፍ ነው።»

ጻፈችው። አንድም ፊደል አልሳተችም።

«‹ከዛፉ ጠፈጠፍ ወደ ውስጥ አትርጩ› ቢል ይገባህ ነበር?»

«ሕፃንም ይገባዋል።»

ሰባቱን እየቆጠረ ይመስል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቁጣው ያን ጊዜ መጣ፤ ግን ድምፁን አልጨመረም።

«ለምን አልጠየቁኝም እትዬ?» አላት። «ከታች ነበርኩ እኮ።»